የዘር ማንትራዎች ከየት መጡ? «ለም፣ ቨም፣ ረም» ስለሚባሉት ድምፆች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የዮጋ ትምህርት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። አስተማሪያችን ዓይናችንን አስጨፍኖ፣ ከጀርባ አጥንት ግርጌ ጀምረን ወደ ላይ እየወጣን ‹ለም፣ ቨም፣ ረም፣ የም፣ ሀም፣ ኦም› እንድንል ያደርገናል። ድምፆቹ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የቬዳ ጠቢባን በተመስጦ የሰሟቸው የተፈጥሮ ንዝረቶች እንደሆኑ፣ ትርጉምም ሃይማኖትም እንደሌላቸው ነግሮናል። የቲቤት መነኮሳትም ‹ሁም› ሲሉ ሰምቻለሁ። በእርግጥ ከየት ነው የመጡት? ሂንዱዎቹ ከቡድሂስቶቹ ወሰዱ ወይስ ቡድሂስቶቹ ከሂንዱዎቹ? እኔ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ነኝ። ከበይነ መረብ አንዱን መርጬ ለብቻዬ ብለማመድ ችግር አለው?»

ምላሽ፦ አስተማሪዎ በአንድ ትንፋሽ አራት ነገር ተናግሯል። ድምፆቹ አምስት ሺህ ዓመት አስቆጥረዋል፤ ከተፈጥሮ የተሰሙ ናቸው፤ ትርጉም የላቸውም፤ ከሃይማኖትም ነፃ ናቸው። ከአራቱ ግማሽ እውነት ያለበት ሦስተኛው ብቻ ነው። የቀሩት ምንጮቹ ሲመረመሩ አይቆሙም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከዕድሜያቸው ልጀምር። ከቬዳዎች፣ ማለትም ከሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ሁሉ ቀዳሚው ሪግቬዳ በአብዛኞቹ አጥኚዎች ግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 እና በ1000 መካከል የተደረሰ ነው። አምስት ሺህ ዓመት የሚባለው ቁጥር ከዚህ ጋር አይገጥምም። ይልቁንም ዋናው ነገር፣ ሪግቬዳ ውስጥ «ለም» ወይም «ህሪም» የሚባል ማንትራ (በአምልኮ የሚደገም ቃል ወይም ድምፅ) አለመኖሩ ነው። የቬዳ ማንትራ በአብዛኛው ግጥም ነው፤ ለእሳት አምላክ ለአግኒ፣ ለነጎድጓዱ ጌታ ለኢንድራ የሚቀርብ፣ ሰዋስውና ሐሳብ ያለው ምስጋናና ልመና። ዘር ማንትራ፣ በሳንስክሪት ቢጃ የሚባለው፣ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። አንድ ክፍለ ቃል ብቻ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫ በሚወጣ ድምፅ ይዘጋል፤ በዕለት ንግግርም ቦታ የለውም።

ያም ሆኖ የሩቅ ቅድመ አያቶቹ ቬዳ ውስጥ አሉ። መሥዋዕት አቅራቢው ካህን ንጥር ቅቤውን ወደ እሳቱ ሲያፈስስ «ስቫሃ!» ወይም «ቨሸት!» ብሎ ይጮሃል። የሳማቬዳ፣ የዝማሬው ቬዳ፣ ዘማሪ ደግሞ የሪግቬዳውን ስንኝ ወስዶ ይሰባብረዋል፣ ይጎትተዋል፣ በመካከሉም «ሃው»፣ «ሃይ»፣ «ሁም» የመሳሰሉ ቃል ያልሆኑ ድምፆችን ይሰነቅርበታል። እነዚህ ስንቅር ድምፆች ስቶብሃ ይባላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ሺህ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተደረሰው ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ፣ ከቬዳዎች የፍልስፍና ድርሳናት አንዱ፣ አሥራ ሦስቱን ስቶብሃዎች እየቆጠረ ምሥጢራቸውን ይናገራል። «ሃው» ይህ ዓለም ነው፤ «ሃይ» ነፋስ ነው፤ «ኢ» እሳት ነው። አሥራ ሦስተኛው «ሁም» ላይ ሲደርስ ግን «ያልተገለጸ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከመላው መጽሐፍ ይበልጥ የሚገርመኝ ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ቃል ያልሆነን ድምፅ ከዓለም ክፍል ጋር የማጣመር ልማድ፣ ኋላ ታንትራ የተባለው ምሥጢራዊ የአምልኮ ሥርዓት ከነመጻሕፍቱ የቆመበት ምሰሶ፣ ገና ታንትራ የሚባል ነገር ሳይኖር እዚህ ተዘርግቶ እናገኘዋለን።

የትርጉም ጉዳይም የዚያኑ ያህል የቆየ ጠብ አለው። የቃላት ሊቁ ያስካ፣ ኒሩክታ በሚባለው ሥራው፣ ካውትሳ የተባለ ሰው «ማንትራዎች ትርጉም የላቸውም» ብሎ እንደተከራከረ ይነግረናል። የያስካ መልስ ቁጣ አለበት፦ ዕውር ግንዱን ባያየው ጥፋቱ የግንዱ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የኔዘርላንዱ ምሁር ፍሪትስ ስታል ከካውትሳ ጎን ቆመ። በ1975 በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ፣ ፓንጃል በምትባል መንደር ለአሥራ ሁለት ቀን አካባቢ የሚዘልቀውን አግኒቻያና የተባለ የቬዳ የእሳት መሥዋዕት ሥርዓት ካስቀረጸ በኋላ፣ ማንትራ ከቋንቋ ይልቅ ለወፍ ዝማሬ ይቀርባል እስከ ማለት ደረሰ። እንግዲህ አስተማሪዎ «ትርጉም የላቸውም» ሲል ሳያውቀው አንዱን ወገን ይዟል። ነገር ግን የመዝገበ ቃላት ፍቺ ማጣትና ትርጉም ማጣት አንድ አይደሉም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስለ «ኦም» ብዙ አልቆይም፤ ብዙ ተጽፎበታል። ካህናት ዝማሬን የሚከፍቱበትና እሺታን የሚገልጹበት ድምፅ ነበር። ማንዱክያ ኡፓኒሻድ «አ፣ ኡ፣ ም» ብሎ ከፍሎ ከንቃት፣ ከሕልምና ከጥልቅ እንቅልፍ ጋር አያያዘው፤ አራተኛውን ክፍል ድምፅ አልባ አደረገው። ዮጋ ሱትራ ደግሞ የጌታ መጠሪያ ነው አለ። ይህ ሁሉ ለኋለኞቹ ዘሮች አርአያ ሆኗል። ሆኖም እዚህ ደረጃ ላይ ከድምፁ አምላክ አካል ለብሶ የሚወጣበት ማሰላሰል ገና አልመጣም።

ሁለተኛው ምንጭ ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ ከቡድሂስቶች። ብዙ ሰው ይህን አያውቀውም። በጥንታዊቷ ጋንድሃራ፣ በዛሬው የፔሻዋር ሸለቆና አካባቢው፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ካሮሽቲ የሚባል ፊደል ነበር። የፊደሉ ተራ እንደ ሳንስክሪቱ አልነበረም፤ የሚጀምረው «አ፣ ረ፣ ፐ፣ ቸ፣ ነ» ብሎ ነው። ማሃያና የሚባለው ወገን ቡድሂስቶች ታላላቅ የጥበብ ሱትራዎች፣ ማለትም ቅዱሳት ድርሳኖቻቸው፣ ይህን ተራ ወስደው እያንዳንዱን ፊደል ለአንድ ትምህርት መክፈቻ አደረጉት። «አ» በአኑትፓዳ ይጀምራል፤ ነገሮች ሁሉ ከመነሻው አልተወለዱም ማለት ነው። «ረ» በራጃስ፣ ማለትም በአቧራ፤ ነገሮች ከእድፍ ንጹሕ ናቸው። «ፐ» በፓራማርታ፤ ይህም የመጨረሻው እውነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት «ሀ ብሂል ሀልዎቱ ለአብ እምቅድመ ዓለም፤ ለ ብሂል ለብሰ ሥጋ እምድንግል» እያለ ፊደል የቆጠረ ሰው ዘዴውን ወዲያው ያውቀዋል። ዝምድና አለ ማለቴ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ፊደሉን ያየ ትምህርቱን ያስባል።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ሰሎሞን ይህ ተራ በእርግጥ የጋንድሃራ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ሀ ሁ እንደነበረ በ1990 አሳየ። ምሥጢራዊ መገለጥ ተብሎ የተከበረው ነገር መነሻው የልጆች የፊደል ገበታ ነበር። ኋላ «ኦም አ ረ ፐ ቸ ነ ዲህ» የጥበብ ቦዲሳትቫ (ቡድሃ ለመሆን የተቃረበ ቅዱስ) የማንጁሽሪ ማንትራ ሆነ፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ዲህ» ዘሩ ናት። ያው ወገን መጻሕፍቱን የማሳጠር ልማድም ነበረው። የጥበብ ፍጽምና ትምህርት በመቶ ሺህ መስመር፣ በሃያ አምስት ሺህ፣ በስምንት ሺህ ተጻፈ፤ በመጨረሻም መላ ትምህርቱ «አ» በምትባል አንዲት ፊደል የተሰጠበት እጅግ አጭር ጽሑፍ ተገኘ። አንድ ፊደል ሙሉ መጽሐፍን ከተሸከመች፣ አንድ አምላክን ለመሸከም ብዙ አይቀራትም።

ሁለቱ ጅረቶች የተገናኙት ከ5ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ዘር ማንትራ በሙሉ ትርጉሙ የተወለደውም ያኔ ነው። የሂንዱዎች ታላቅ አምላክ በሆነው በሺቫ ተከታዮች በኩል ካሉን ታንትራዎች ጥንታዊው ኒሽቫሳታትቫሳምሂታ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ክፍሎቹ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፉ ይገመታል፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በዘንባባ ቅጠል የተገለበጠ ቅጂው ኔፓል ውስጥ ይገኛል። በቡድሂስቶቹ በኩል ወሳኙ የማሃቫይሮቻና ታንትራ ነው። ከሕንዱ የናላንዳ ገዳም የመጣው መነኩሴ ሹብሃካራሲምሃ ከቻይናዊው ዪሺንግ ጋር በ724 እና በ725 ወደ ቻይንኛ መልሶታል። በሁለቱም ወገን አዲስ የመጣው ሐሳብ አንድ ነው፦ ማንትራው አምላኩን የሚጠራ ስም ሳይሆን ራሱ አምላኩ በድምፅ አካል ነው። ስለዚህ በጥምቀት መሰል ሥርዓት፣ በዲክሻ፣ ከጉሩ፣ ከመንፈሳዊው መምህር፣ አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ይተላለፋል እንጂ ከመጽሐፍ አይወሰድም።

አሠራሩን በቡድሂስቶቹ ምሳሌ ልግለጸው። ለታራ፣ ለቡድሂስቶቹ እመ አምላክ፣ የሚያሰላስል ሰው አስቀድሞ ራሱንና ዓለሙን ወደ ባዶነት ያሟሟል። ከባዶነቱ «ፐም» የምትል ፊደል ትወጣና ሎተስ አበባ ትሆናለች። በላይዋ «አ» የጨረቃ ክብ ትሆናለች። በጨረቃዋ ላይ አረንጓዴ «ታም» ትቆማለች፣ ብርሃን ትረጫለች፣ ብርሃኑ ፍጥረታትን ሁሉ ነክቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ፊደሏ ራሷ ታራ ትሆናለች፣ አሰላሳዩም ታራ ይሆናል። ልብ ይበሉ፣ እዚህ ዘሩ በጆሮ ብቻ የሚሰማ አይደለም፤ ቀለም፣ ቅርጽና ቦታ ያለው በዓይነ ልቡና የሚታይ ጽሑፍ ነው። በ804 ወደ ቻይና ተሻግሮ በ806 የተመለሰው ጃፓናዊው ኩካይ ይህን እስከ ጥጉ ወስዶታል። ስለ «ሁም» ብቻ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል፤ አንዷን ክፍለ ቃል በአራት ክፍል ፈትቶ መላውን የቡድሂዝም ትምህርት አውጥቶባታል። ሺንጎን በሚባለው በእርሱ ወገን ዛሬም ድረስ በጨረቃ ክብና በሎተስ ላይ የተጻፈች «አ»ን ፊት ለፊት ሰቅለው ያሰላስላሉ።

ሂንዱዎቹ ደግሞ ዘሮቻቸውን በእንቆቅልሽ ይሸሽጋሉ። ዴቪ አታርቫሺርሻ የተባለው ጽሑፍ የእመ አምላኳን ዘር ሲሰጥ እንዲህ ዓይነት ፍንጭ ነው የሚሰጠው፦ ሰማይ ከ«ኢ» ጋር ይጣመር፣ እሳት ይታከልበት፣ በግማሽ ጨረቃ ያጊጥ። ቁልፉን የተቀበለ ሰው ሰማይ «ህ»፣ እሳት «ር»፣ ግማሽ ጨረቃዋ የአፍንጫ ምልክቷ እንደሆነች ያውቃልና «ህሪም» ብሎ ያነብበዋል። ትርጉም ማለት እንግዲህ ይህ ነው። «ህሪም» መዝገበ ቃላት ውስጥ አትገኝም፤ ግን ቁራጯ ሁሉ ሥራ አላት። የካሽሚሩ ሊቅ አብሂናቫጉፕታ፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ11ኛው መጀመሪያ የጻፈው፣ «ሳውህ» የምትባለውን ዘር እየበለተ የፍጥረትን ሁሉ አወጣጥ አስቀምጦባታል። የካሽሚር ሊቃውንት ስለ ስፓንዳ፣ ስለ አምላካዊው ንቃት መርገብገብ፣ ያስተማሩት አስተማሪዎ «ንዝረት» ለሚለው ምንጭ ሳይሆን አልቀረም። እነርሱ ግን የሚናገሩት ስለ ሺቫ ፈቃድ እንጂ በመሣሪያ ስለሚለካ ሞገድ አልነበረም።

ከማን ማን ወሰደ? የኦክስፎርዱ አሌክሲስ ሳንደርሰን ቻክራሳምቫራ በመባል የሚታወቀው የቡድሂስቶች ታንትራ ረጃጅም ክፍሎቹን ከሻይቫ፣ ማለትም ከሺቫ ተከታዮች፣ መጻሕፍት፣ ለምሳሌ ከብራህማያማላ፣ እንደገለበጠ ጽሑፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳይቷል። ሌሎች፣ በተለይ ዴቪድ ሰይፎርት ሩዬግ፣ ሁለቱም የቀዱት ከአንድ የጋራ የሕንድ ሃይማኖታዊ ጉድጓድ ነው ብለው ነበር። እኔ በዚህ በተወሰነው ጉዳይ ከሳንደርሰን ጋር ነኝ፤ የግልባጭ ስህተት ሳይቀር አብሮ ሲሻገር «የጋራ ጉድጓድ» የሚለው መልስ አያጠግብም። ነገር ግን ይህን ይዞ «ቡድሂስቶቹ ሌቦች ናቸው» ማለት አላዋቂነት ነው። የፊደል ማሰላሰሉ በቡድሂስቶች ዘንድ ቀድሞ የዳበረ ነበር፤ በኋለኛው ዘመንም ብድሩ ተመልሷል። ሂንዱዎች በዐሥሩ ታላላቅ የጥበብ እመ አማልክት ውስጥ የሚቆጥሯቸው ታራና ራሷን የቆረጠችው ቺናማስታ ከቡድሂስቶች የመጡ መሆናቸውን ጉድሩን ቡነማን አሳይታለች። ከነማንትራቸው ነው የመጡት። ድምፁ ሲሻገር ግን ትምህርቱ አልተሻገረም። ለሻይቫው ዘሩ የአምላክ ኃይል ነው፤ ለቡድሂስቱ ባዶነት የሚለብሰው መልክ ነው። ሁለቱም «ሁም» ቢሉ አንድ ነገር አላሉም።

አሁን ወደ እርስዎ ዝርዝር፣ ወደ «ለም፣ ቨም፣ ረም፣ የም፣ ሀም»። እነዚህ በቅደም ተከተል የመሬት፣ የውሃ፣ የእሳት፣ የነፋስና የጠፈር ዘሮች ናቸው። በነገራችን ላይ አናባቢያቸው አጭር ነው፤ ለአማርኛው ግዕዝ ሆሄ ይቀርባል፤ «ላአአም» ብሎ መጎተት የክፍል ውስጥ ልማድ ነው። «የ፣ ረ፣ ለ፣ ቨ» በሳንስክሪት ፊደል ተራ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፤ «ሀ» የገበታው ማብቂያ ላይ ትገኛለች። ድልድሉ የሰዋስው ሰው እጅ እንዳለበት ከዚህ ይታያል። ከሁሉ ይበልጥ ግን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፦ የኩካይ ሺንጎን አምስቱን ባሕርያት «አ፣ ቨ፣ ረ፣ ሀ፣ ኸ» ብሎ ይደለድላል። መሬት እዚያ «አ» ናት፤ «ሀ» ነፋስ እንጂ ጠፈር አይደለችም። ድምፆቹ ከተፈጥሮ በጆሮ የተሰሙ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ጠቢብ ነፋስን «የም»፣ ሌላው «ሀ» ብሎ ባልሰማው ነበር። የተሰማ ነገር የለም፤ የተደለደለ ነገር ነው ያለው፣ በሊቃውንት፣ በሥርዓት።

ዘሮቹን በስድስት ቻክራዎች (በጀርባ አጥንት መስመር ባሉ የሰውነት ማዕከሎች) ላይ ያስቀመጠው፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚደግመው መልክ ደግሞ ከቤንጋሉ ፑርናናንዳ በ1577 ከተጻፈ ድርሰት ይመጣል። እንግሊዛዊው የካልካታ ዳኛ ጆን ውድሮፍ፣ አርተር አቫሎን በሚል የብዕር ስም፣ በ1919 ተርጉሞ አሳተመው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ተሰራጨ። ከዚያ በፊት የነበሩ ታንትራዎች የተለያየ ቁጥር ያላቸው ማዕከሎች ነበሯቸው፤ የቡድሂስቶቹ ሄቫጅራ አራት ብቻ ይቆጥራል። በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ከቀይ እስከ ሐምራዊ በቀስተ ደመና የተቀባ የቻክራ ሥዕል ካለ፣ እርሱ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የምዕራባውያን ፈጠራ ነው። በፑርናናንዳ ጽሑፍ የመሬቱ ማዕከል ምልክት ቢጫ አራት ማዕዘን ነው፤ ቀዩ ሦስት ማዕዘን የእሳቱ ነው። «ረም ጨጓራን ይፈውሳል፣ የም ልብን» የሚለውን ግን ተዉት፤ የጽሑፍም የሕክምናም መሠረት የለውም።

ሃይማኖት አይደለም ስለተባለው፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የሕንዳዊው የማሰላሰል መምህር የማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ተከታዮች በኒው ጀርሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ፣ ማንትራዎቹ ትርጉም የለሽ ድምፆች ናቸው፣ ልምምዱም ሳይንስ ነው ብለው ተከራክረው ነበር። ፍርድ ቤቱ ተማሪው ማንትራውን የሚቀበልበትን የሳንስክሪት የአምልኮ ሥርዓት አይቶ በ1977 ሃይማኖታዊ ነው ሲል ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው በ1979 አጸናው። ማረጋጋቱን በተመለከተ የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን በ1975 ባወጣው መጽሐፍ፣ «አንድ» የሚለውን ተራ ቃል ከእስትንፋስ ጋር እየደጋገሙ መቀመጥ ተመሳሳይ የሰውነት መረጋጋት እንደሚያመጣ ጽፏል። ማለትም እርጋታው የሚገኘው ከመደጋገሙና ከትኩረቱ ነው። ለእርጋታ ብቻ ሳንስክሪት አያስፈልግም። ዘሩ የሚያስፈልገው ባለቤቶቹ ለሚፈልጉት ነገር ነው፤ እነርሱም የሚፈልጉት ከአምላኩ ጋር አንድ መሆንን ወይም ከባዶነት ቡድሃ ሆኖ መነሣትን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ከበይነ መረብ ዘር ማንትራ መርጠው አይለማመዱ። ምክንያቴ ድምፁ በራሱ ይጎዳዎታል የሚል አይደለም፤ «ያለ ጉሩ ያሳብዳል» የሚለው ማስፈራሪያ ብዙ ጊዜ የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው። ምክንያቴ ከሥርዓቱ፣ ከአምላኩና ከመምህሩ የተነጠለ ዘር፣ ራሳቸው ታንትራዎቹ እንደሚሉት፣ የማይሠራ መሆኑ ነው፤ ከተሟላ ደግሞ የሌላ ሃይማኖት አምልኮ ነው። መካከለኛው መንገድ የሚመስለው ነገር ለሁለቱም አክብሮት የለውም። የእምነትዎን ጥያቄ እኔ ልፈታልዎ አልችልም፤ ያ የንስሐ አባትዎ ነው። ሲጠይቋቸው ግን «ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው» ብለው አይንገሯቸው፤ ያነበቡትን እንዳለ ይንገሯቸው።

የሚፈልጉት እርጋታ ከሆነ በአፍንጫ የሚገባና የሚወጣውን እስትንፋስ መቁጠር ይበቃል፤ በቀን አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ። ጸሎት ከሆነ የሚፈልጉት፣ በመቁጠሪያ የሚደረገው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በእጅዎ ነው፤ እርሱን ግን የማረጋጊያ ዘዴ አድርገው እንዳያሳንሱት። በማናቸውም ልምምድ እስትንፋስ ይዞ መቆየትን፣ በተለይ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለ ወይም እርግዝና ከሆነ፣ ይተዉ። ለብዙ ሰዓታት የሚዘልቅ ማሰላሰል እንቅልፍ ቢነሣዎ፣ ፍርሃት ቢያበዛብዎ ወይም የሌለ ድምፅ ቢያሰማዎ ወዲያው ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ፤ «ኩንዳሊኒ (ከጀርባ አጥንት ግርጌ ተኝታለች የሚባለው ኃይል) እየተነሣች ነው» የሚልዎትን አይስሙ።

ክፍሉን ማቋረጥ የለብዎትም። አስተማሪዎን ማንትራዎቹን ከማን እንደተቀበለ፣ የየትኛው ወገን ሥርዓት እንደሆኑ ይጠይቁት። ካላወቀ፣ ሌሎቹ «ለም» ሲሉ እርስዎ ዝም ብለው እስትንፋስዎን ይቁጠሩ፤ የሰውነት እንቅስቃሴው ያለ ድምፆቹም ጥቅሙ አይጎድልም።